አዲሷ መኪና ዘይት ስትበላ፦ «ኖርማል ነው» የሚለው መልስ ለወሎ መንገድ አይበቃም

ድሮ ዘይት የሚበላ መኪና ማለት ያረጀ መኪና ማለት ነበር። ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀ ዳገት የሚወጣ አሮጌ ፒካፕ ስናይ «ሞተሩ አልቋል» ብለን እናልፋለን። አሁን ደሴና ኮምቦልቻ ጋራዦች ውስጥ የሚሰማው ቅሬታ ከዚህ ይለያል። መኪናዋ ገና ናት። የወንበሯ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ጭስ አይታይባትም፤ ድምጿም ጸጥ ያለ ነው። ዘይት ከተቀየረላት ሁለት ወር ሳይሞላ መለኪያው ተስቦ ሲታይ ግን ዘይቱ ጫፉን ብቻ ነው የነካው። ከሥር የፈሰሰ ጠብታ የለም። ታዲያ ዘይቱ የት ገባ?

«ጋሼ አይጨነቁ፣ ኖርማል ነው። አዲስ መኪና ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይበላል» ይባላል። ጋሼም አንድ ሊትር ገዝተው ይጨምሩና ይሄዳሉ። በወሩ ደግሞ ሌላ ሊትር።

ይህ መልስ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሰውን ሞተር ያሳጣል።

ጉዳዩ ዛሬ የከበደው መኪና እንደ ድሮው በቀላሉ ስለማይተካ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ሲጥል፣ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ አነስተኛ አዳዲስ መኪኖች አዞረ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ፤ የሞተር ዘይትም፣ ፒስተንም፣ ሪንግም። ስለዚህ ዛሬ ደጃችን የቆመችው የቤንዚን መኪና ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ይገባል። በእሷ ኮንትራት እየሠራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ደግሞ ሞተሯ ከሄደ እንጀራው ሄደ ማለት ነው።

እስቲ ወደ ሞተሩ ውስጥ እንግባ።

ፒስተን ማለት ሲሊንደር በሚባለው ቱቦ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው ነው፤ አብዛኛው ፒስተን ላይ ዙሪያውን የሚይዙ ሦስት ቀለበቶች፣ ማለትም ሪንጎች፣ አሉ። የላይኞቹ ሁለቱ በዋናነት የእሳቱን ግፊት አፍነው ይይዛሉ። ሦስተኛው የዘይት ሪንግ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከታች የሚረጨው ዘይት የሲሊንደሩን ግድግዳ ያርሰዋል። የዘይት ሪንጉ ትርፉን ጠርጎ ወደ ታች ይመልሳል፤ ስስ ሽፋን ግን ይተዋል። ምጣድ እንደማሰስ ነው። ማሰሻው ካደረቀው እንጀራው ይጣበቃል፤ ካረጠበው እንጀራው ዘይት ዘይት ይላል። ያቺ የምትቀረው ስስ ሽፋን በእያንዳንዱ ፍንዳታ ትንሽ ትንሽ ትቃጠላለች። ለዚህ ነው ማንኛውም ሞተር፣ አዲስም ቢሆን፣ ጥቂት ዘይት የሚበላው። «ኖርማል ነው» የሚለው መልስ እዚህ ድረስ ልክ ነው።

ጣጣው የመጣው ከነዳጅ ቁጠባ ጋር ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን የወጡት የነዳጅና የጭስ ሕጎች መኪና አምራቾችን ወጥረው ያዟቸው። ሪንግ ከሲሊንደር ግድግዳ ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ ሪንጉን አቀጠኑት፤ ግድግዳውን የሚጫንበትንም ጉልበት ቀነሱት። ዘይቱም ቀጠነ። አባቶቻችን የሚያውቁት 20ደብልዩ50 ቀርቶ 5ደብልዩ30፣ ከዚያ 0ደብልዩ20፣ አሁን ደግሞ 0ደብልዩ16 የሚጠይቁ ሞተሮች መጡ። ጥቅሙ አይካድም። በአንድ ሊትር የምንሄደው ርቀት ጨምሯል፤ ቤንዚን በየጊዜው በሚወደድበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቀጭን ዘይትና ለስላሳ ሪንግ አንድ ላይ ሲመጡ ስህተት የሚችል ቦታ አይኖርም። አምራቹ ዲዛይኑ ላይ ትንሽ ከሳተ፣ ወይም እኛ ዘይቱን ትንሽ ካቆየነው፣ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል።

ይህ ግምት አይደለም። እኛ መንገድ ላይ በየቀኑ የምናያቸው መኪኖች ላይ የደረሰ ነው። የቶዮታ ኮሮላው 1.8 ሊትር ሞተር፣ መካኒኮች «ዋን ዜድ ዜድ» የሚሉት፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ዘይት በመብላት ስሙ የጠፋ ነው። ሪንጉ የጠረገው ዘይት የሚመለስባቸው የፒስተኑ ቀዳዳዎች ጠባብና ጥቂት ነበሩ። በካርቦን ሲደፈኑ ዘይቱ መመለሻ አጥቶ ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. በ2002 አካባቢ ፒስተኑ ተሻሻለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የ2.4 ሊትሩ «ቱ ኤ ዜድ» ሞተር ተመሳሳይ ችግር አሳየ፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩ ካምሪዎችና የዚያን ዘመን ራቭፎሮች ላይ ያለው ማለት ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ላሉ ባለቤቶች ዋስትናውን አራዝሞ ፒስተንና ሪንግ በነጻ ይቀይር ጀመር። ሱባሩም በዚሁ ጉዳይ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2016 በስምምነት ጨርሷል። የአውዲ 2.0 ቱርቦም እንዲሁ ስሙ ተነስቷል። የቶዮታው ዋስትና ለእኛ አገር ባለቤት አልደረሰም። መኪኖቹ ግን ደርሰዋል፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ወሎ ገብተዋል።

አሁን «ኖርማል» የሚለውን ቁጥር እንመርምረው። ብዙ የመኪና መመሪያ ደብተሮች፣ የቶዮታም ጭምር፣ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ዘይት ሊቃጠል ይችላል ይላሉ። የትንሽ መኪና ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሊትር ዘይት ነው የሚይዘው። 3.5 ሊትር እንበል። መመሪያው በሚፈቅደው ልክ ቢበላ፣ ዘይት የሚቀየርበት 5,000 ኪሎ ሜትር ሳይደርስ ሞተሩ ባዶውን ይቀራል። እንግዲህ ይህ ቁጥር የጤነኛ ሞተር መለኪያ ሊሆን አይችልም። ኩባንያው «ከዚህ በታች ከሆነ በዋስትና አልጠግንም» የሚልበት ድንበር ነው። ያው ቶዮታ የ2.4ቱን ሞተር ሲፈትሽ የተጠቀመበት ልክ ከዚህ በጣም ይጠብቃል። በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ 0.95 ሊትር ከበላ ይጠገናል አለ። ይህ በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር መሆኑ ነው። እኔ የማምነው ይህኛውን ነው። ግማሽ ሊትር ከደረሰ ሞተሩ ታሟል። ሩብ ሊትር ከሆነ ዓይን አይነሳበት። ከዚያ በታች ከሆነ በሰላም ይነዳ።

ወሎ ላይ ይህ ሁሉ ይብሳል። ምክንያቱ መንገዱ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ሐረጎ ላይ ጠመዝማዛው ይበረታል። ልምድ ያለው ሹፌር ማርሽ ቀንሶ፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንስቶ፣ መኪናዋን በሞተር ይዞ ይወርዳል። ትክክል ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) የሚወርድ ወይም በፍሬን ብቻ የሚተማመን ሰው ፍሬኑ ግሎ እንቢ ሲለው የሚገባበት ገደል ነው። ይህን የምለው ማንም ሰው ዘይት ለመቆጠብ ብሎ በሞተር መያዙን እንዳይተው ነው።

በሞተር ስንይዝ ግን ውስጥ የሚሆነው ነገር አለ። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር ማስገቢያው በር ይዘጋል። ፒስተኑ ግን እየወረደ አየር ለመሳብ ይታገላል። የሚገባ አየር የለም። ስለዚህ ሲሊንደሩ ውስጥ ኃይለኛ የመምጠጥ ጉልበት ይፈጠራል። ያ ጉልበት ከታች በሪንጉ በኩል፣ ከላይ ደግሞ በቫልቭ ዘንጉና ዘይት እንዳያልፍ በሚያግደው የጎማ ቀለበት («ሲል» በሚባለው) መካከል ዘይት ይስባል። ሪንጉና ሲሉ ጤነኛ ከሆኑ ይቋቋሙታል። ሪንጉ በካርቦን ከተያዘ ወይም ሲሉ ከደረቀ ግን ቁልቁለቱን በሙሉ ዘይት እየሳበ ይወርዳል። መንገዱ ደልደል ብሎ ሹፌሩ እንደገና ነዳጅ ሲሰጥ የተጠራቀመው አንዴ ይቃጠላል። ያኔ ከጭስ ማውጫው አንዲት ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ትልና ትጠፋለች። ሹፌሩ አያያትም። የሚያያት ከኋላው የሚመጣው ነው። ስለዚህ መኪናችሁን ከጠረጠራችሁ ጓደኛችሁ በሌላ መኪና ከኋላ ይከተላችሁ፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ምን እንዳየ ይንገራችሁ። ከብዙ ወሬ ይህ አንድ ምልከታ ይበልጣል። ጭስ አለመታየቱ ብቻውን ግን ነጻ አያወጣም። ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያ) ያላቸው መኪኖች ላይ ጥቂት ዘይት ሲቃጠል ለዓይን ላይታይ ይችላል።

መልሱ ጉዞ ደግሞ ዳገት ነው። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌላት ትንሽ ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቷ ይቀንሳል። አራት ሰውና ዕቃ ጭና ሐረጎን ስትወጣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየጮኸች ነው። ሞተሩ ይግላል። በሪንጉ በኩል ሾልኮ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ ይበዛል። ይህ ጋዝ ፒሲቪ በምትባል ትንሽ ቫልቭ በኩል ተመልሶ ወደ አየር ማስገቢያው እንዲገባ ነው የተሠራው። ቫልቭዋ ከቆሸሸች የዘይት ጉም ይዞ ይገባል። ደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ መኪና ይህን መውጣትና መውረድ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደግመው አስቡት። ሜዳ ላይ የሚነዳ ተመሳሳይ መኪና ይህን አይቀምስም።

አምራቾችም ይህን አልሸሸጉም። መመሪያ ደብተሩን ገልጣችሁ ብታዩ «ከባድ አገልግሎት» የሚል ክፍል አለ። ተራራማ መንገድ፣ አቧራ፣ አጭር አጭር ጉዞ፣ ሞተር አስነስቶ ብዙ መቆም፤ እነዚህ ካሉ ዘይቱ ቶሎ ይቀየር ይላል። የወሎ መኪና አራቱንም ያሟላል። ስለዚህ «ሲንተቲክ ስለሆነ 10,000 ይሄዳል» የሚለውን ምክር እዚህ አትቀበሉ። ዘይት ሲቆይ ይቆሽሻል፤ የቆሸሸ ዘይት ሪንጉ ያለበት ቦይ ውስጥ ይጋገራል፤ ሪንጉ ይያዛል፤ የተያዘ ሪንግ ደግሞ ተጨማሪ ዘይት ያሳልፋል፤ እሱም ይጋገራል። አንዴ ከጀመረ ራሱን እየመገበ ይሄዳል። በ5,000 ኪሎ ሜትር መቀየር፣ ታክሲ ከሆነ ከዚያም በፊት፣ ወጪ ይመስላል እንጂ ሞተር ከማውረድ ጋር አይወዳደርም።

አቧራውን በአጭሩ ልበል። ከአስፋልት ወጥቶ ፒስታ ላይ የሚውል መኪና የአየር ፊልትሮው ሞተሩን ያድነዋል ወይም ይገድለዋል። በኮምፕረሰር እየተነፋ ስንት ጊዜ የተመለሰ ፊልትሮ ወረቀቱ ይበሳል። በቀዳዳው የገባ አቧራ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ፊልትሮ ግዙ።

አሁን ወደሚያስፈራው ነገር ልምጣ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቀይ የዘይት ምልክት ብዙ ሰው የዘይት መጠን መለኪያ ያደርጋታል። «መብራቱ አልበራም፣ ዘይት አለ ማለት ነው» ይላል። አይደለም! በአብዛኛው መኪና ያቺ መብራት የምትናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት ነው። ግፊት ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ፓምፑ የሚስበው ዘይት ሲያጣ ነው። ያኔ ደግሞ ዘይቱ በጣም ጎድሏል። አንድ የማውቀው የደሴ ሹፌር መብራቷ ኩርባ ላይ ብልጭ ብላ ትጠፋበት ነበር። ሽቦ ነው ብሎ ተወው። ሽቦ አልነበረም። ኩርባው ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ፓምፑ አየር ይስብ ነበር። ሳምንት ሳይቆይ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፤ ሲፈታ የኮሎው (የሞተሩ መዘውር) ሜታል ተልጦ ተገኘ። ኩርባ ላይ ወይም ፍሬን ስትይዙ ያቺ ቀይ መብራት ለአፍታም ብልጭ ካለች፣ ዳር ያዙ፣ ሞተር አጥፉ፣ መለኪያውን ሳቡ። «ትንሽ ልሂድና ጋራዥ እደርሳለሁ» የለም።

እንግዲህ ዘይት የምትበላ መኪና ያለው ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ይለካ። ሞተር ይውረድ ከሚል መካኒክ በፊት ልኬት ይቅደም። አሠራሩ ቀላል ነው። ዘይቱን በፊልትሮው ቀይሩ። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ትቁም። ደሴ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ከባድ ስለሆነ አንድ ነዳጅ ማደያ ምረጡና ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው አቅጣጫ አቁማችሁ ለኩ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። መለኪያውን በጨርቅ ጠርጋችሁ መልሱትና እንደገና ሳቡት። ዘይቱ የላይኛው ምልክት ላይ እንዲሆን አድርጉ፤ ከዚያ አይለፍ። ከልክ ያለፈ ዘይት በሞተሩ መዘውር ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ በፒሲቪውም በኩል ወጥቶ ይቃጠላል፤ ያኔ ልኬታችሁ ይበላሻል። ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። 1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ በዚያው ቦታ ለኩ። ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ብዙ መኪኖች ላይ 1 ሊትር ገደማ ነው። ግማሽ ከወረደ ግማሽ ሊትር ሄዷል ማለት ነው። በመሃል ከጨመራችሁ የጨመራችሁትን ጻፉ። ይህች ወረቀት ጋራዥ ስትሄዱ ከእናንተ ጋር ትሂድ። አዲስ መኪና ገዝታችሁ ዋስትናው ካላለቀ ደግሞ ዋናዋ ማስረጃችሁ እሷ ናት።

ልኬቱ ችግር ካሳየ ከርካሹ ጀምሩ። ፒሲቪ ቫልቭዋን አስፈትሹ፤ ርካሽ ናት፤ ብዙ መኪኖች ላይ ለመፍታትም ብዙ አታደክምም። ካንዴላዎቹን አስወጥታችሁ እዩ። አንዱ ብቻ በዘይት ረጥቦ ሌሎቹ ደረቅ ከሆኑ ችግሩ ያለው በዚያ ሲሊንደር ላይ ነው። ጭሱ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚታይ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ሲል ያደላል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጥ ሳይቋረጥ ከጨሰ ወደ ሪንግ ያደላል። ሪንጉ ተይዞ ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ ካርቦን የሚያሟሟ ፈሳሽ አድርጎ ማሳደር የሚያላቅቀው ጊዜ አለ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሞተር ከማስፈታት በፊት ግን መሞከሩ አይከፋም። ከዚያ በኋላ ያንን ዘይት መቀየር ግዴታ ነው።

ዘይቱን ማወፈርስ? ጋራዥ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚሰማው ምክር ይህ ነው። «20ደብልዩ50 አድርግበት፣ ይቆማል።» ጥቂት መቀነሱ እውነት ነው። ግን አዳዲሶቹ ሞተሮች፣ ቪቪቲ የሚባለው የቫልቭ ማስተካከያ ያላቸው፣ ዘይቱን በጣም ቀጫጭን መንገዶች ነው የሚያሳልፉት። ደሴ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ጠዋት ላይ ወፍራም ዘይት እዚያ ለመድረስ ይዘገያል። እኔ የምመክረው መመሪያ ደብተሩን ማየት ነው። ለብዙ አገር የተዘጋጁ መመሪያዎች እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ በላይ የዘይት ዓይነት ይፈቅዳሉ። 0ደብልዩ20 የተጻፈበት መኪና መመሪያው ከፈቀደ ወደ 5ደብልዩ30 ከፍ ማለት፣ በተለይ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ቆላ ለሚወርድ ሰው፣ የሚያስኬድ ነው። ከዚያ ዘሎ 20ደብልዩ50 መግባት ግን በሽታውን መሸፈን ነው። ዘይቱን ደግሞ ከምታምኑት ቦታ ግዙ፤ ክዳኑ ያልተከፈተ መሆኑን ራሳችሁ እዩ።

ሪንግ መቀየር የግድ ከሆነ አንድ ነገር መካኒካችሁን ጠይቁ። «ወንድሜ፣ ፒስተኑስ?» በሉት። የፒስተኑ የዘይት ቀዳዳዎች ጠባብ ሆነው የተሠሩ ሞተሮች ላይ አሮጌውን ፒስተን ይዞ አዲስ ሪንግ ማስገባት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያስታግሰው። ቶዮታም ራሱ ሪንጉን ብቻ ሳይሆን የተሻሻለውን ፒስተን አብሮ የቀየረው ለዚህ ነው። ሲሊንደሩም ይለካ። ግድግዳው ከተጫረ ወይም ሞላላ ከሆነ አዲስ ሪንግ አይዝበትም። እጅ ካጠረና መኪናዋ በ1,000 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ሊትር ብዙም ካልዘለለች፣ ሞተሩን ሳይነኩ እየጨመሩ መንዳትም የሚያሳፍር ውሳኔ አይደለም። ቅድመ ሁኔታው ነዳጅ በተሞላ ቁጥር መለኪያው መሳቡ ነው።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ በፊት ድረሱ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። መለኪያውን ሳቡ። የጭስ ማውጫውን ጫፍ ውስጡን በጣታችሁ አብሱ፤ ደረቅ ጥቀርሻ ብዙ አያሳስብም፣ ቅባት ያለው ጥቁር ነገር ከተያያዘ ግን ጠይቁ። የዕቃ መጫኛውን ክፈቱ፤ ጎን ላይ ተከፍቶ ግማሽ የደረሰ የዘይት ጆግ ካለ ለምን እንደተቀመጠ ሻጩ ይንገራችሁ። ከዚያ ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ከኋላ የሚከተላችሁ ሰው ይኑር። ሰማያዊ ጭስ ካየ የፒስተንና የሪንግ ሥራ ስንት እንደሚያስወጣ ከሁለት ጋራዥ ጠይቁና ያንን ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንሳችሁ ተነጋገሩ።